የአባቴን ሰንጢ በድንጋይ መሳል የተማርኩት እንዲህ ነው

ሰንጢው የአባቴ ነበር። ቀይ እጀታ ያለው የስዊዝ ሰንጢ ነው፤ ትልቅና ትንሽ ስለት፣ የቆርቆሮ መክፈቻና የጠርሙስ መክፈቻ አለው። አባቴ ከኪሱ አይለየውም ነበር። ብርቱካን የሚልጥልን በሱ ነው። እርሳሳችንን የሚቀርጽልን በሱ ነው። ሸንኮራ ገዝቶ ሲመጣ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ በሱ እየላጠ ለያንዳንዳችን አንድ አንድ ጉማጅ ያድለናል። ካረፈ በኋላ እናቴ ከእጅ ሰዓቱ ጋር በመሃረብ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ስከፍተው ደንዟል። ቲማቲም ላይ ሳሳርፈው ቆዳውን ይጨፈልቃል እንጂ አይቆርጥም።

ይህን የምጽፈው ቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰንጢ ወይም የደነዘ ቢላ ላላችሁ ነው። እኔ መሳል ለመማር አንድ ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነው የፈጀብኝ፤ ከዚያ ውስጥ ሰባት ስምንት ወሩ በከንቱ የባከነ ነው። አንዲት ነገር ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ግን በሳምንት ያልቅ ነበር። እሷን ከመንገሬ በፊት ያበላሸሁትን ልናገር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚያው ቦታ ላይ ነው።

መጀመሪያ ያደረግኩት ለሰው መስጠት ነው። የፋሲካ ሰሞን ነበር፣ ቢላ የሚስል ሰው መንገድ ዳር ማሽኑን ዘርግቶ ሰፈሩ ሁሉ ተሰልፏል። የወጥ ቤቱን ቢላዎች ይዤ ስወጣ ሰንጢውንም ጨመርኩት። ድንጋዩ በኃይል ይሽከረከራል፣ ውሃ የሚባል ነገር የለም፣ የእሳት ብልጭታው ይፈናጠራል። ሁለት ደቂቃ እንኳን አልፈጀም። ቤት ገብቼ መስኮት ጋ ቆሜ ሳየው የስለቱ ጫፍ ሰማያዊ ሆኗል። በዚያው ቀን ወረቀት ቆረጠልኝና ደስ አለኝ። በሦስተኛው ቀን ግን ሽንኩርት አቃተው።

ምክንያቱ በኋላ ነው የገባኝ። የቢላ ብረት መጀመሪያ በጣም ይግልና በድንገት ይቀዘቅዛል፣ በዚህ ይጠነክራል። እንደዚያው ቢተው ግን እንደ ብርጭቆ ስለሚሰበር እንደገና በመጠኑ ይሞቃል። ለተራው የካርቦን ብረት ይህ ሁለተኛው ማሞቅ ብዙውን ጊዜ ከ150 እስከ 250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከዚያ ካለፈ ጥንካሬው ይወርዳል። ሙቀቱ ሲጨምር የብረቱ ገጽ ቀለም ይለዋውጣል፤ በመጀመሪያ የገለባ ቀለም ይይዛል፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ ወደ 300 ዲግሪ ሲጠጋ ሰማያዊ ይሆናል። የማይዝግ ብረት ላይ ደግሞ ሰማያዊው የሚመጣው ከዚያም በላይ ሲግል ነው። ስለት ስስ ነገር ስለሆነ ሙቀቱን የሚያካፍለው ወፍራም አካል አጠገቡ የለም፣ በአንዴ ይግላል። የአባቴ ሰንጢ ጫፍ ላይ የሆነው ይኸው ነው፤ ቅርጹ ስል ሆነ፣ ብረቱ ግን ለሰለሰ።

ሰውየውን አልወቅስም። በዓል ሊገባ ሲል መቶ ቢላ ያለበት ሰው ነው። ውሃ እያንጠባጠቡ፣ ነካ እያደረጉ እያነሱ የሚሠሩ ጎበዞችም አሉ። ግን ለምትሳሱለት ሰንጢ የምመክረው በገዛ እጃችሁ፣ በእርጥብ ድንጋይ ላይ፣ ቀስ ብላችሁ እንድትስሉት ነው። እርጥብ ድንጋይ ላይ በእጅ ስትስሉ ብረቱ ምንም አይግልም።

ቀጥዬ ከመርካቶ አንድ ድንጋይ ገዛሁ። የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጡ ሱቆች ውስጥ የሚገኘው፣ በአንድ ወገን ሸካራ በሌላው ለስላሳ የሆነው ጥቁር ግራጫ ድንጋይ ነው። የሸካራነቱን መጠን የሚናገር ቁጥር የለውም፣ መመሪያ የለውም። ማታ ማታ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ አሥር ጊዜ በቀኝ፣ አሥር ጊዜ በግራ፣ እንደገና አሥር በቀኝ እያልኩ እቆጥራለሁ። የቢላው ጎን እንደ መስታወት አብረቀረቀ። ስለቱ ግን ያው ነው። ድንጋዩ መጥፎ ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ሰንጢው አልቆለታል ብዬ አሰብኩ። በየሳምንቱ እንደገና እጀምራለሁ፣ በየሳምንቱ ያው ነው።

ከጎረቤታችን ያሉ ጋሼ ዕድሜ ልካቸውን ሉካንዳ ቤት የሠሩ ሰው ናቸው፣ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። አንድ ቀን አጥሩ ጋ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና «ምንድን ነው የምትቆጥሪው ልጄ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ገብተው ሰንጢውን ተቀበሉኝና በአውራ ጣታቸው ከጀርባው ወደ ስለቱ አቅጣጫ፣ ወደ ውጭ፣ ቀስ አድርገው ዳሰሱት። በአንዱ ጎን ዳሰሱ፣ አገላብጠው በሌላው ዳሰሱ። ከዚያ «አልደረስሽም እኮ» አሉኝ።

«የት ነው ያልደረስኩት?»

«ጫፉ ጋ ነዋ። ሆዱን ነው ስታሺው የከረምሽው።»

ያቺ ዓረፍተ ነገር ናት ሁሉን ነገር የፈታችልኝ። ላስረዳችሁ። የቢላ ስለት ማለት ከግራና ከቀኝ የሚመጡ ሁለት ተዳፋቶች የሚገናኙበት መስመር ነው። ቢላ ሲደንዝ ያ መስመር ይከብባል፣ ይታጠፋል፣ አንዳንድ ቦታም ይሸረፋል። መሳል ማለት ሁለቱን ተዳፋቶች እንደገና እስኪገናኙ ድረስ መፋቅ ነው። እኔ ሰንጢውን በጣም አስተኝቼ ስለምይዘው ድንጋዩ የሚፍቀው ከስለቱ በላይ ያለውን ትከሻ ነው። ስለቱን አንድም ቀን አልነካሁትም። ስለዚህ ሺህ ጊዜ ብቆጥርም ለውጥ የለውም ነበር።

መድረሳችሁን እንዴት ታውቃላችሁ? ጋሼ የዳሰሱት እሱን ነበር። አንዱን ጎን ስትፍቁ ድንጋዩ እስከ ጫፉ ሲደርስ፣ እዚያ ያለው እጅግ ስስ ብረት መቆም ያቅተውና ወደ ተቃራኒው ጎን ይታጠፋል። በዓይን ብዙም አይታይም። በጣት ግን ይሰማል፣ ሸከር የሚል ነገር ነው፣ ልክ ጥፍር ሲሰበር ጨርቅ ላይ እንደሚይዘው ያለ። እኔ ትራፊ እለዋለሁ። ትራፊ ከሌለ አልደረሳችሁም። ትራፊው በአንድ ቦታ ብቻ ካለ እዚያ ቦታ ብቻ ነው የደረሳችሁት። ከእጀታው ሥር እስከ ሹል ጫፉ ድረስ ሳይቋረጥ ትራፊ እስኪሰማችሁ ድረስ ቢላውን አታገላብጡ። አሥርም ይፍጅ፣ ሁለት መቶም ይፍጅ። መቁጠር የለም።

ስትዳስሱ ሁልጊዜ ጣታችሁ ከጀርባው ወደ ስለቱ፣ ከስለቱ አልፎ ወደ ውጭ ይሂድ። በስለቱ ርዝመት ጣታችሁን እንዳታስኬዱ፣ እሱ መቆረጥ ነው። በጣት መዳሰስ የሚያስፈራው ሰው ጥጥ ይጠቀም፤ ትራፊው ባለበት በኩል ቀስ አድርጋችሁ ወደ ውጭ ስትጎትቱት የጥጡ ጭረት እየተያዘ ይቀራል።

እሺ፣ አንግሉስ? ሰው ሁሉ የሚጨነቅበት ይሄ ነው። ለኪስ ሰንጢ በእያንዳንዱ ጎን ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ጥሩ ነው። 20 ዲግሪ ምን ያህል እንደሆነ ለማየት ወረቀት ውሰዱ። የወረቀት ማዕዘን 90 ነው። አንዴ እኩል ብታጥፉት 45፣ ደግማችሁ ብታጥፉት 22 ተኩል ይሆናል። ከዚያ ትንሽ አነስ አድርጋችሁ ያዙ። እኔ የተጠቀምኩት ግን ሌላ መንገድ ነው። የሰንጢዬን ትልቁን ስለት ከጀርባው እስከ አፉ በማስመሪያ ስለካው አንድ ሴንቲሜትር ተኩል ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ለዚህ ወርድ 20 ዲግሪ ማለት የቢላው ጀርባ ከድንጋዩ አምስት ሚሊሜትር ከፍ ማለቱ ነው። ሳንቲሞች አምስት ሚሊሜትር እስኪሞሉ ደራረብኩና ጀርባውን እነሱ ላይ አሳርፌ እጄ ያን ከፍታ እንዲለምድ አደረግኩ። ከዚያ ሳንቲሞቹን አንስቼ ብቻዬን ሞከርኩ። ለ15 ዲግሪ ከፍታው ወደ አራት ሚሊሜትር ይወርዳል።

እውነቱን ለመናገር ትክክለኛው ቁጥር ያን ያህል አያስጨንቅም። 17ም ሆነ 21 ይቆርጣል። የሚያስጨንቀው ከፍ ዝቅ ማለቱ ነው። አንዴ 15 አንዴ 25 ከሆነ ተዳፋቱ ይከብባል፣ ክብ ነገር ደግሞ አይቆርጥም። ለዚህ ክርናችሁን ከጎናችሁ አስጠግታችሁ፣ የእጅ አንጓችሁን ቀጥ አድርጋችሁ፣ ከትከሻ ነው መንቀሳቀስ ያለባችሁ። አንጓ ሲታጠፍ አንግሉም አብሮ ይታጠፋል። ድንጋዩ ደግሞ መንሸራተት የለበትም። እርጥብ ፎጣ አጥፋችሁ ከሥሩ አንጥፉ፣ ንቅንቅ አይልም።

አንግሉን መያዛችሁን የምታረጋግጡበት ቀላል ዘዴ አለ፣ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አላየሁም። ማርከር ውሰዱና ተዳፋቱን በሙሉ ቀቡት። ከዚያ ሦስት አራት ጊዜ ድንጋዩ ላይ አስኪዱትና ብርሃን ላይ እዩት። ቀለሙ የለቀቀው ከላይ፣ ከትከሻው ከሆነ በጣም አስተኝታችሁታል፣ ጀርባውን ትንሽ ከፍ አድርጉ። የለቀቀው ጫፉ ላይ ብቻ ከሆነ በጣም አቁማችሁታል። ከላይ እስከ ታች እኩል ከለቀቀ ልክ ናችሁ። እኔ መጀመሪያ ስሞክረው ከላይ ግማሹ ለቆ ጫፉ ላይ ያለው ጥቁር መስመር እንዳለ ቁጭ ብሏል። ያ ጥቁር መስመር የስምንት ወር ልፋቴ ነው። ጋሼ በጣታቸው ያወቁትን እኔ በዓይኔ አየሁት።

አሁን አሠራሩን ልንገራችሁ፣ እኔ እንደማደርገው። ድንጋዩን በውሃ አረጥባለሁ። ሰንጢውን በቀኝ እጄ እይዛለሁ፣ የግራ እጄን ሁለት ጣቶች ከስለቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ቢላው ላይ አሳርፋለሁ፣ የምጭነው በነሱ ነው። ከእጀታው በኩል ካለው ክፍል እጀምርና ወደፊትና ወደኋላ እፍቃለሁ፣ ትራፊ ሲሰማኝ ጣቶቼን ወደሚቀጥለው ክፍል አዛውራለሁ። ሹሉ ጫፍ አካባቢ ስለቱ ስለሚታጠፍ እጀታውን ትንሽ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል፣ አለዚያ ጫፉ ድንጋዩን ሳይነካ ያልፋል። በጣም ከፍ ካደረጋችሁት ደግሞ ሹሉ ይከብባል። የማርከሩ ዘዴ እዚህ ቦታ ላይ በጣም ይጠቅማል። እየሠራችሁ ድንጋዩ ላይ ጥቁር ጭቃ ይወጣል፣ እሱን ቶሎ ቶሎ አትጠቡት፣ ሥራ እየሠራ ነው። ሲደርቅ ግን ውሃ ጠብ አድርጉበት።

የምትጫኑት ኃይል ሌላው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። እኔ አንድ ቀን ድንጋዩን የወጥ ቤት ሚዛን ላይ አስቀምጬ እንደ ልማዴ ብፍቅበት ሚዛኑ አምስት ኪሎ አለኝ። ደነገጥኩ። በዚያን ያህል ጭነት እጅ ይንቀጠቀጣል፣ አንግሉ አይያዝም፣ ትራፊውም ትልቅና አስቸጋሪ ይሆናል። አሁን ስጀምር አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ነው፣ ወደ መጨረሻ ስደርስ ሁለት መቶ ግራም አይሞላም፣ የሰንጢው የራሱ ክብደትና ትንሽ ነገር ብቻ። ሚዛን ካላችሁ ሞክሩት። እጃችሁ መጠኑን ቶሎ ይለምዳል።

በአንዱ ጎን ትራፊው ከዳር እስከ ዳር ከመጣ ገልብጡና በሌላኛው ጎን ያንኑ አድርጉ፣ ትራፊው ተመልሶ ወደ መጀመሪያው ጎን እስኪዞር። እስካሁን ቢላው ስል አይደለም፣ ወይም ስል ይመስላል ግን አያስተማምንም። ትራፊው መነሳት አለበት። ወደ ለስላሳው የድንጋዩ ወገን ሂዱና እያፈራረቃችሁ፣ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ፣ ስለቱን ወደፊት አድርጋችሁ ድንጋዩን ስስ ቅርፊት የምትልጡት ያህል በጣም ቀለል አድርጋችሁ አስኪዱት። በየአምስት ስድስት ጊዜው ዳስሱ። ትራፊው እያነሰ ይሄዳል። በሁለቱም በኩል ምንም የማይሰማበት ጊዜ ይመጣል። ይህን ክፍል በችኮላ የጨረሰ ሰው ቢላው ለአንድ ቀን ይቆርጥለትና በነጋታው ይደነዝዝበታል፤ የሚቆርጠው ትራፊው ስለሆነና ትራፊው ደግሞ ተሰብሮ ስለሚወድቅ ነው።

በመጨረሻ ቆዳ። አሮጌ የቆዳ ቀበቶ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ የውስጡን፣ ሸካራውን ወገን ወደ ላይ አድርጋችሁ፣ ሰንጢውን ከጀርባው እየመራችሁ ወደኋላ ጎትቱት። ወደፊት ከገፋችሁት ቀበቶውን ይቆርጣል። በእያንዳንዱ ጎን አሥር አሥራ አምስት ጊዜ ይበቃል። የድሮ ፀጉር አስተካካዮች ምላጫቸውን ቆዳ ላይ የሚያመላልሱት ለዚሁ ነው። ቀበቶ ከሌለ በድንጋዩ ላይ የተነጠፈ ጋዜጣም ይሠራል።

መፈተኑ ላይ ክንዴን ልላጭበት የሚል አለ፣ እኔ አልወደውም። በመብራት ሥር ስለቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ ቀጥ ብላችሁ እዩት። የደነዘ ቦታ ብርሃን ያንፀባርቃል፣ ነጭ ክር የመሰለ መስመር ወይም ነጠብጣብ ይታያችኋል። የተሳለ ስለት ግን ምንም አያሳይም፣ ብርሃኑ የሚያርፍበት ስፋት ስለሌለው። ከዚያ ወረቀት፣ ከዚያ የበሰለ ቲማቲም። ቲማቲም ላይ ሳትጫኑ፣ በሰንጢው ክብደት ብቻ ቆዳውን ከበጣው አልቋል።

ስለ ድንጋይ ምርጫ ትንሽ ልበል። ድንጋዬ መጥፎ እንዳልሆነ ገብቶኛል፣ የመጀመሪያውን ጥሩ ስለት ያወጣሁት በዚያው የመርካቶ ድንጋይ ነው። በኋላ እህቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ባለ ሁለት ወገን የጃፓን የውሃ ድንጋይ አመጣችልኝ፣ በአንዱ 1000 በአንዱ 6000 የሚል። ቁጥሩ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው፣ ሲጨምር ይልሰልሳል። 1000 ቁጥሩ ላይ ያሉት ቅንጣቶች ከ10 እስከ 15 ማይክሮን ያህል ናቸው፣ የሰው ፀጉር ወፍረት 70 አካባቢ እንደሆነ አስቡት። ለኪስ ሰንጢ አንድ 1000 ብቻ ቢኖራችሁ በቂ ነው። 6000ው ያሳምራል፣ የግድ ግን አይደለም። እንዲያውም ገመድና ቲማቲም ለመቁረጥ ከ1000 የወጣ ስለት ትንሽ ጥርስ ስላለው የተሻለ ይይዛል። ስለቱ የተሸረፈ ከሆነ ግን ከ200 እስከ 400 የሆነ ሸካራ ያስፈልጋችኋል፣ አለዚያ ሙሉ ቀን ይፈጃል።

በውሃ ወይስ በዘይት? በአንዱ ከጀመራችሁ በዚያው ቀጥሉ። በተለይ የውሃ ድንጋይ ላይ ዘይት አታፍስሱ፣ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። አንዳንድ ድንጋይ ከሥራ በፊት ውሃ ውስጥ መንከር አለበት፣ አረፋ ማውጣቱን እስኪያቆም ድረስ፣ አሥር ደቂቃ ያህል። ድንጋይ ሲያገለግል ደግሞ መሃሉ ይጎደጉዳል፣ ጎድጓዳ ላይ ደግሞ አንግል አይያዝም። ገጹን በእርሳስ በመስመር በመስመር ምልክት አድርጉበት፣ ቀጥ ያለ የወለል ሴራሚክ ላይ እርጥብ ብርጭቆ ወረቀት አንጥፋችሁ ድንጋዩን ፊቱን ደፍታችሁ እሹት። የእርሳሱ መስመር በሙሉ ሲጠፋ ተስተካክሏል።

በየቤታችን የለመድነውስ? ሁለት ቢላ እርስ በርስ ማፋጨት የታጠፈውን ስለት ለጊዜው ያቃናል፣ ብረት አንስቶ አዲስ ስለት አያወጣም። ሉካንዳ ቤት የሚጠቀሙበት ክብ መሳያ ብረትም ዋና ሥራው ማቃናት ነው። ጋሼ እንደነገሩኝ በቀን ውስጥ ደጋግመው ብረቱ ላይ ያመላልሱ ነበር፣ ድንጋይ ላይ የሚስሉት ግን ማታ ነው። የስሚንቶ ደረጃ ላይ መፈግፈግ ስለቱን ይበላዋል እንጂ አይስለውም። እናቶቻችን የሚያደርጉት አንድ ነገር ግን በጣም ትክክል ነው፤ ኩባያ ገልብጦ ቂጡ ላይ መሳል። ከሥሩ ያለው ቀለበት ብርጭቆማ ቅብ ስለሌለው ሸካራ ነው፣ ሸክላውም ከብረቱ ይጠነክራል። አንግሉን ከያዛችሁ ድንጋይ በሌለበት ቦታ ጥሩ ማጠናቀቂያ ይሆናል። ሰንጢው በጣም ከደነዘ ግን አያነሳውም።

ጥንቃቄውን አጥብቄ ነው የምናገረው። የኔ ዓይነት ሰንጢ ሲከፈት በስፕሪንግ ይያዛል እንጂ አይቆለፍም። ጫፉ ድንጋዩን ወግቶ ከቆመና እናንተ ከገፋችሁት ይታጠፋል፣ የሚታጠፈው ጣታችሁ ላይ ነው። እኔን አመልካች ጣቴ ላይ ሁለት ስፌት አስወጥቶኛል። እጀታውን ስትይዙ ጣታችሁ ስለቱ የሚገባበት ስንጥቅ ላይ አይሁን፣ ሹሉን ስታስኬዱ ደግሞ ወደኋላ እየጎተታችሁ ብቻ ሥሩ። ልጆች በሌሉበት፣ ቁጭ ብላችሁ፣ ጥሩ ብርሃን ባለበት። ስትጨርሱ የድንጋዩ ጭቃ መታጠፊያው ውስጥ ስለሚገባ በሞቀ የሳሙና ውሃ እየከፈታችሁና እየዘጋችሁ እጠቡት፣ በደንብ አድርቁት፣ መታጠፊያው ላይ አንድ ጠብታ ዘይት።

ለመለማመጃ ይህ ዓይነቱ ሰንጢ ጥሩ መሆኑንም ልንገራችሁ። ካርል ኤልሰነር ስዊዘርላንድ ውስጥ ኢባክ በምትባል ቦታ እ.ኤ.አ. በ1884 ወርክሾፑን ከፈተ፣ በ1891 ለአገሩ ጦር ሰንጢ ማቅረብ ጀመረ፣ ዛሬ ሁላችን የምናውቀው የመኮንኖች ሰንጢ ደግሞ በ1897 ተመዘገበ። ቪክቶሪኖክስ የምንለው ነው። ብረቱ በሮክዌል የጥንካሬ መለኪያ 56 አካባቢ ነው፣ ከብዙዎቹ የጃፓን ቢላዎች ይለሰልሳል። ቶሎ ይደነዝዛል ማለት ነው፣ ግን ማንኛውም ድንጋይ ይስለዋል፣ ሲታጠፍ እንጂ ሲሸረፍ ብዙም አይታይም። ወታደር ሜዳ ላይ ባገኘው ድንጋይ እንዲስለው ጥሩ ነው፣ ለኛ ለጀማሪዎችም እንዲሁ።

አንዴ በደንብ ከተሳለ በኋላ የሚያደነዝዘው የምትቆርጡበት ነገር ነው። ሳህን ላይ አትቁረጡ። እብነ በረድ ላይ አትቁረጡ። ካርቶን ከምታስቡት በላይ ስለት ይበላል። ሸንኮራም አፈር ስላለበት ታጥቦ ይላጥ። እኔ በሁለት ሳምንት አንዴ ቀበቶው ላይ አመላልሰዋለሁ፣ በሁለት ሦስት ወር አንዴ ድንጋይ ላይ አወጣዋለሁ፣ አሁን ሩብ ሰዓት ነው የሚፈጅብኝ። ሰማያዊው ቦታ ቀስ በቀስ ተፍቆ አልቋል። ስለቱ ከድሮው ትንሽ ጠበብ ብሏል፣ ግን ጫፉ ከሌላው እኩል ይይዛል።

ባለፈው ቅዳሜ ጋሼ የራሳቸውን ካራ በጋዜጣ ጠቅልለው መጡ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ስለጀመረ እኔ እንድስልላቸው ነው። ደስታዬን መግለጽ አልችልም። ማርከር ቀባሁ፣ ፎጣውን አነጠፍኩ፣ ከእጀታው ሥር ጀምሬ እስከ ጫፉ ሄድኩ፣ ትራፊው ሲሰማኝ አቀበልኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው በአውራ ጣታቸው ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱት። «እዚህ ጋ፣ መሃሉ ላይ፣ ትንሽ ይቀርሻል» አሉኝ። እኔም ያሉት ቦታ ላይ ዳሰስኩት። እውነታቸውን ነው፣ የጥፍር ስፋት የምታህል ቦታ ልሙጥ ናት። ድንጋዩን እንደገና አረጠብኩት።